የፋናዬ ገንዘብ

ታከለ ቁማርተኛ ነበር ሲሉ ስሰማ ደሜ ይፈላል። ቁማርተኛስ እኔ ነበርኩ። ሸዋ ሮቢት ውስጥ የውሃ ሞተር እየጠገንኩ ያገኘኋትን ብር ከመናኸሪያው ጀርባ ባለችው ሻይ ቤት ጓዳ አራግፌ ባዶ ኪሴን ይዤ የምገባ፣ በማግሥቱም አስመልሳለሁ ብዬ ተመልሼ የምቀመጥ ሰው ነበርኩ። እንደ ታከለ በካርታ ጠረጴዛ ላይ ራሱን የሚገዛ ሰው ግን ከዚያ በፊትም ሆነ ከዚያ በኋላ አላየሁም። ይህን የምጽፈው የእሱን ስም ለማጽዳት ብቻ ቢሆን ደስ ባለኝ።

ታከለ ከሮቢ ወንዝ ማዶ ካሉት የቀወት መንደሮች በአንዱ የሚኖር ገበሬ ነው። ወንዙ ዳር ግማሽ ሄክታር የምትሆን መሬት አለችው። በበጋ ውሃ በሞተር እየሳበ ሽንኩርት ያለማባታል፣ በክረምት ማሽላ ይዘራባታል። ሞተሩ አሮጌ ስለነበር በየወሩ በአህያ ጭኖ ወደ እኔ ያመጣው ነበር። ፈትቼ እስክገጥመው ድረስ በርጩማ ላይ ተቀምጦ ስለ ሽንኩርት ዋጋ፣ ስለ ሚስቱ ስለ ፋናዬ፣ ስለ ልጁ ስለ ሳምራዊት ያወራልኛል። ሲስቅ የተሰበረ ጥርሱ እንዳይታይ አፉን በመዳፉ ይሸፍናል። ወዳጅነታችን እንዲህ ተጀመረ። ካርታ ያስተማርኩት ግን እኔ አይደለሁም፤ በዚህ እንኳ ንጹሕ ነኝ።

ካርታን የለመደው ገና ጎረምሳ ሳለ ነው። በ1989 ዓ.ም. ሳምራዊት በተወለደች በሦስተኛው ወር በሬ ልግዛ ብሎ ዘጠኝ መቶ ብር ይዞ ገበያ ወጣ። ሲመለስ በሬም ብርም አልነበረውም። ፋናዬ አልጮኸችም፣ አላለቀሰችም። ሕፃኗን አዝላ ወደ አባቷ ቤት ሄደች። ሽማግሌ ተመላልሶ ለምኖ የመለሳት ከስድስት ወር በኋላ ነው።

ሌላው ሰው እንዲህ ሲደርስበት ቄስ ፊት ቆሞ ሁለተኛ ካርታ አልነካም ብሎ ይምላል፣ በወሩ መሐላውን ያፈርሳል። እኔ ሦስት ጊዜ ምያለሁ። ታከለ አልማለም። መተው እንደማይችል ራሱን ያውቀዋል። ስለዚህ ለራሱ ሕግ አወጣ።

ሕጉን ሁላችንም በቃላችን እናውቀው ነበር፣ ስላሾፍንበት። የሚጫወተው በገበያ ቀን ብቻ ነው። ለጨዋታ የሚይዘው ኃምሳ ብር ነው፣ እሱንም በሸሚዙ ኪስ ለብቻው። ኃምሳዋ ካለቀች ይነሳል፤ መቶ ከሞላችም ይነሳል። ጠረጴዛ ላይ አይበደርም፣ አያበድርም። ከፋናዬ ጋር ተኮራርፎ የወጣ ዕለት አይቀመጥም። ሽንኩርት የሸጠ ዕለት ደግሞ በሻይ ቤቱ በር እንኳ አያልፍም፤ በጀርባ ባለው በማንጎው ሥር ዞሮ ይሄዳል። እኛ "ሒሳብ ሹሙ" እያልን እንጠራው ነበር። የእኔን ብር በልቶ መቶው ሲሞላለት ብድግ ሲል ግን አያስቀኝም ነበር። ቁጭ በል እንጂ፣ ላስመልስ እንጂ ብዬ እለምነዋለሁ፤ እሱ አፉን ሸፍኖ ይስቅና ይወጣል። በዚያች ደቂቃ እንደጠላሁት ያህል ሰው ጠልቼ አላውቅም።

ለሰባት ዓመት ሕጉን ጠበቀ። በየዓመቱ ከሽንኩርቱ የሚተርፈውን እያጠራቀመ ከተማ ውስጥ አንዲት ክፍል ቆርቆሮ ቤት ሊሠራ፣ ሳምራዊትን እዚያ አድርጎ ሊያስተምራት ያስብ ነበር። በ1996 ግንቦት ግን አራት ሺህ ብር ሽንኩርት በሸጠበት ዕለት ዝናብ ያዘው። መጠለያ ፍለጋ ሻይ ቤቱ ገባ፣ ሻይ አዘዘ፣ ሻዩ እስኪበርድለት ብሎ ጓዳ ገብቶ ቆመ፣ ቀጥሎ ተቀመጠ። ሲነሳ አንድ ሺህ ሰባት መቶ ብር ተበልቷል። ከበሉት አንዱ እኔ ነኝ። በማግሥቱ ሱቄ መጥቶ በርጩማው ላይ ተቀመጠና፣

"ለካ በኃምሳ ብር የተነሳሁት ጎበዝ ሆኜ አልነበረም" አለኝ። "ኃምሳ ብር ስለሆነ ነው። ብዙ ብር እጄ ላይ ካለ እኔ ያው የበሬው ጊዜ ሰው ነኝ።"

አንድ ዓመት ሙሉ ይህን ነገር ሲያብሰለስል ከርሞ በ1997 ግንቦት፣ ምርጫው ባለፈ በሁለተኛው ሳምንት፣ ፋናዬን ይዞ መጣ። ሦስት ሺህ አራት መቶ ብር ይዘዋል። ወደ እትዬ ጣይባ ሱቅ አብረኸን ና፣ ምስክር ትሆነኛለህ አለኝ።

እትዬ ጣይባ ባላቸው የሞተባቸው የአርጎባ ሴት ነበሩ። ጨው፣ ሳሙና፣ ሽርጥ ይሸጣሉ። የሚታወቁት ግን በአማና ነው። ከአካባቢው ገበሬ፣ ክርስቲያኑም እስላሙም፣ ቤቱ ገንዘብ ማስቀመጥ የፈራ ሁሉ እሳቸው ዘንድ ያስቀምጣል። የእያንዳንዱን ሰው ብር ለየብቻው በጨርቅ ቋጥረው ሣጥን ውስጥ ያኖሩታል። አያበድሩበትም፣ አይነግዱበትም፣ አይዘረዝሩትም። ባለቤቱ ሲመጣ ያንኑ ያስቀመጠውን ኖት፣ የተቀደደ ካለም ከነቅዳዱ ይመልሱለታል። ለዚህ ሥራቸው ከማንም ሳንቲም አይቀበሉም።

ታከለ የፈለገውን ነገራቸው። እስከ መስከረም ድረስ፣ ለቤቱ ማዋቀሪያ እንጨት እስኪገዛ፣ ብሩን እንዳይሰጡት ነው። ቢለምናቸውም፣ ቢያለቅስም፣ ልጄ ታመመች ቢልም። ከራሳቸው ገንዘብም እንዳያበድሩት። እትዬ ጣይባ ራሳቸውን ነቀነቁ። አማና ባለቤቱ በጠየቀበት ሰዓት የሚመለስ ነገር ነው፣ ባለቤቱን የለህም ብዬ ብመልስ አላህ ይጠይቀኛል አሉ። ታከለም ትንሽ አሰበና መላ አገኘ።

"እንግዲያው ባለቤቱ እኔ አልሁን" አላቸው። "ይኸው ደረጄ ምስክሬ ነው፤ ብሩን ለፋናዬ ሰጥቻለሁ። ከእጇ ተቀብለው በእጇ ይመልሱ። እሷ ራሷ በእግሯ መጥታ ካልጠየቀች ለእኔ እንዳይሰጡኝ።"

ፋናዬ የአምስት ወር እርጉዝ ነበረች። የጨው ጆንያ ላይ ተቀምጣ ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ ትሰማለች። ብሩን ተቀብላ ለእትዬ ጣይባ አስረከበች። ከዚያ፣ "እኔስ ቁማር ብለምድ?" አለች። አራታችንም ሳቅን። የፋናዬን ድምፅ አጥርቼ የሰማሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

መላው ግሩም መስሎኝ ነበር። ሰኔ ላይ ደግሞ ተፈተነ። ታከለ በገበያ ቀን ኃምሳዋ አልቃበት፣ እንደ ሕጉ ተነስቶ ወጣና ቀጥታ ወደ እትዬ ጣይባ ሄደ። ሳምራዊት በወባ ተይዛለች፣ መቶ ብር ብቻ ይስጡኝ አላቸው። እሳቸው ፋናዬ ትምጣ አሉት። ወደ እኔ መጣ፣ መስክርልኝ አለኝ። ፊቱን አይቼ ሳቅኩበት። በማግሥቱ ለእትዬ ጣይባ ሁለት ኪሎ ስኳር ገዝቶ ወሰደ፣ እኔንም ትከሻዬን ስሞ አመሰገነኝ። ልጅቱ ደህና ነበረች። "እንዲህ ነው የምፈልጋችሁ" አለን። "እውነት ይመስል እንባዬ ይመጣ ነበር እኮ።"

ነሐሴ አሥራ ሁለት ቀን የደጋው ዝናብ ሮቢን ሞላው። ፋናዬን ምጥ የያዛት በዋዜማው ነው፤ አንድ ወር ቀድሞ። ሌሊቱን አምጣ ሲነጋ አዋላጇ ሽሉ ተጋድሟል፣ ወደ ሐኪም ውሰዷት አለች። ቃሬዛ ሠርተው ወንዙ ድረስ አመጧት። በእግር የሚሻገር አልነበረም። ታከለ ሽቅብ ሄዶ ወንዙ ከሚሰፋበት በኩል በገመድ ተሻገረና ወደ ከተማ ሮጠ። ያን ውሃ ሊሻገር የሚችል ከፍ ያለ የጭነት መኪና ብቻ ነው።

የአይሱዙ ባለቤቱ ሱሌይማን እሄዳለሁ አለ፣ ግን አምስት መቶ ብር በእጄ ካልያዝኩ አላነሳም። ሞተሩ ውሃ ቢገባው ሀብቱ ሁሉ እሱ ነው። ታከለን ደግሞ በካርታ ስሙ ያውቀዋል። ታከለ ወደ እትዬ ጣይባ ሄደ። እሳቸው የሰኔውን አስታወሱ። እውነተኛ ሰው ሲቸግረው ያለቅሳል፣ ታከለ ግን ቀደም ብሎ አልቅሶ ዋሽቷል። ምስክሩን ደረጄን አምጣልኝ፣ እሱ እውነት ነው ካለ እሰጥሃለሁ አሉት።

ታከለ ወደ ሱቄ ሮጠ። ሱቄ ተዘግቷል። የጎረቤቴ ልብስ ሰፊ፣ ደረጄ ማጀቴ ከተማ ሞተር ሊጠግን ሄዷል አለው። እንዲህ በል ብዬ የነገርኩት እኔ ነኝ። ካርታ ላይ ስቀመጥ ደንበኛ እንዳይረብሸኝ ሁልጊዜ እንዲህ አስብል ነበር። እኔ ያለሁት ከዚያ ሁለት መቶ እርምጃ በማይሞላ ቦታ፣ ሻይ ቤቱ ጓዳ ውስጥ ነው። መቶ ሰማንያ ብር ተበልቼ ላስመልስ ተቀምጫለሁ።

ታከለ ዘመድና ትውውቅ ወዳለበት ሁሉ ሄደ። እትዬ ጣይባ ደግሞ ሱቃቸው ውስጥ መቀመጥ አቃታቸው። የት እንደምገኝ እሳቸው ያውቃሉ። እሳቸውን የመሰለች ሴት እዚያ በር ላይ ቆማ አታውቅም። መጋረጃውን ገለጥ አድርገው ስሜን ሲጠሩ ተጫዋቾቹ ሁሉ አንገታቸውን ደፉ። እኔ አልተነሳሁም። ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ጥሩ ካርታ ደርሶኝ ነበር፤ አንዲት ብቻ ነበር የቀረችኝ።

"ደረጄ፣ ታከለ መጥቷል" አሉኝ። "ፋናዬን ምጥ ይዟታል፣ ወንዙ ሞልቷል፣ ለመኪና አምስት መቶ ብር ይስጡኝ ይላል። አንተ ምስክሬ ነህ። ምን ልሥራ?"

"ወሯ አልገባም እኮ፤ መስከረም ነው" አልኳቸው። "ውሸቱን ነው እትዬ። እንዳይሰጡት።"

"ልብሱ እስከ ደረቱ ርሷል።"

"ነሐሴ ነው። ማን ያልራሰ አለ?"

ይህን ስላቸው ካርታዬን አላስቀመጥኩም። ቀና ብዬም አላየኋቸው።  እንግዲህ አንተ ካልክ ብለው ሄዱ። የቀረችኝ ካርታ መጣችልኝ፣ ስልሳ ብር በላሁ። ከስልሳዋ ጋር የተሰማኝን ደስታ እስከ ዛሬ አስታውሰዋለሁ፤ ከሁሉም የሚያሳፍረኝ እሱ ነው።

ከዚህ በኋላ ያለውን የነገረኝ ሱሌይማን ነው። እትዬ ጣይባ የአሥር ሰዓቱን ሶላት ሰግደው ሲጨርሱ ሱቃቸውን ቆለፉ። የፋናዬን ቋጠሮ ከሣጥን አውጥተው በሽርጣቸው ሸፍነው ወደ ሱሌይማን መጡ። ከቋጠሮው ግን አልነኩም። አምስት መቶውን ከራሳቸው መሳቢያ አውጥተው ከፈሉ። ገንዘቡን በእጇ እመልሳለሁ ብያለሁ፣ እጇ እዚህ መምጣት ካልቻለ እኔ እሄድላታለሁ አሉት። ታከለን መንገድ ዳር ከቆመበት አነሱት። እሱ አመሰግናለሁም አላለ፣ ለምን ዘገዩም አላለ፤ ደጋግሞ ስንት ሰዓት ነው ብቻ ይል ነበር።

ውሃው እስከ መብራቱ ደርሶ መኪናው ሁለት ጊዜ ቆመ፣ በሦስተኛው ተሻገሩ። ከወንዙ ወዲያ ማዶ ቃሬዛው አልነበረም። ወንዙ እንደማይጎድል ሲያዩ መልሰዋት ወደ ቤት ወስደዋታል። መንደሩ ሳይደርሱ ለቅሶውን ሰሙት። ፋናዬ ከነልጇ አልፋለች፤ ገላዋ ገና አልቀዘቀዘም ነበር። እትዬ ጣይባ ቋጠሮውን እንደያዙ ገብተው አጠገቧ መሬት ላይ ተቀመጡ። ሱሌይማን እንደሚለው ከዚያ ወዲያ ያናገራቸውን ሰው ሁሉ አይሰሙም ነበር።

እኔ የሰማሁት በማግሥቱ ነው። ተኛሁ፣ ታምሜያለሁ አልኩ። በሦስተኛው ቀን ወንዙ ሲጎድል ለቅሶ ሄድኩ። እትዬ ጣይባ ከሴቶቹ ጋር ድንኳኑ በር አጠገብ ተቀምጠዋል። ታከለ ሲያየኝ ተነስቶ አቀፈኝ። ክብደቱን ሁሉ ጣለብኝ፤ ጺሙ አድጓል፣ ድምፁ ጠፍቷል። ጆሮዬ ላይ ሳይሆን ሁሉም እየሰማ እንዲህ አለኝ።

"ማጀቴ ባትሄድ ኖሮ አንተ ትመሰክርልኝ ነበር።"

ቀና ስል እትዬ ጣይባ እያዩኝ ነው። ያዩኝ አንድ ጊዜ ብቻ ነው። እውነቱን የሚያውቁ እሳቸውና የሻይ ቤቱ ቁማርተኞች ናቸው፤ ቁማርተኞቹ ደግሞ የየራሳቸውን ጉድ ስለሚሸፍኑ አያወሩም። አሁን ይናገራሉ ብዬ ጠበቅኩ። ቢናገሩ ይቀለኝ ነበር። እሳቸው ወደ ታከለ ዞረው "አፉ በለኝ ልጄ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው" አሉት። እሱ ፊቱን አዞረ። እኔም አብሬ ተቀመጥኩ።

ቋጠሮውን በአርባው ዕለት ለፋናዬ ታላቅ ወንድም፣ ለሳምራዊት እንዲሆን፣ ከነጨርቁ አስረከቡት። ታከለ ከዚያ ቀን ወዲህ ካርታ ነክቶ አያውቅም። ሕግም አላስፈለገው። እኔ ተውኩ ብል ደስ ባለኝ፤ ሁለት ዓመት ተጫውቻለሁ፣ የተውኩትም ሱቄን ልሸጥ ጥቂት ሲቀረኝ ነው።

ታከለ እትዬ ጣይባን ለስድስት ዓመት ሰላም አላላቸውም። ጨው ሲፈልግ ሌላ ሱቅ ይሄዳል፣ መንገድ ላይ ሲያያቸው ይሻገራል። ገበሬዎቹም ነገሩን ሰምተው አንድ ሁለት እያሉ ቋጠሯቸውን ወሰዱ። ክፋት አይደለም፤ ለጭንቅ ቀን የማይሰጥ ገንዘብ ምን ይሠራልናል ብለው ነው። ሣጥኑ ባዶ ቀረ። አንድ ቀን ድፍረት አግኝቼ ሱቃቸው ገባሁና ለምን አልነገሩትም አልኳቸው። ሳሙና እየደረደሩ ነበር። እጃቸውን አላቋረጡም።

"አንድ ሰው ጠልቷል፣ ይበቃዋል" አሉኝ። "አንተን ደግሞ ከቀማሁት ማን ይቀረዋል? መንገር ከፈለግክ አንተ ንገረው።"

እነግረዋለሁ ብዬ ወጣሁ። በ2004 ዓ.ም. ጥቅምት እትዬ ጣይባ አረፉ። ሳልነግረው ነው ያረፉት። ቀብራቸው ላይ ብዙ ሰው አልነበረም። ታከለ አልመጣም። ከቀብር ስመለስ ሱቄ በር ላይ ሞተሩን በአህያ ጭኖ ቆሞ አገኘሁት። ፀጉሩ ሸብቷል። ከየት ነው አለኝ። ከእትዬ ጣይባ ቀብር አልኩት። የአህያዋን አንገት አሻሸ።

"አንተስ ቂም አታውቅም" አለኝ። "እኔ ግን አልቻልኩም።"

ሞተሩ ምን እንደነካው ጠየቅኩት።